«የዳታ ውሉን ካልፈረማችሁ እንግዳ አንልክም» ላለው አጋርዎ ምን ይመልሳሉ?

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው። ጎንደር ላይ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት አለዎት። ጀርመን አገር ያለ አንድ የጉዞ ወኪል በየወቅቱ ለስሜን ተራሮች የእግር ጉዞ እንግዶች ይልክልዎታል፤ ከእንግዶቹ ቀድሞ ስማቸው፣ የፓስፖርታቸው ቅጂ፣ የጤና ቅጻቸውና የበረራ ሰዓታቸው ይደርስዎታል። አምና ከመጡት አንዷ የፓስፖርቷ ቅጂ በማታውቃቸው ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ እንዳለ ሰምታ ለአገሯ የዳታ ጥበቃ ባለሥልጣን አቤት ብላለች። ወኪሉ አሁን «መደበኛ የውል አንቀጾች» የሚል ወፍራም ሰነድ ልኮ ካልፈረማችሁ ስም ዝርዝር አንልክም ብሏል፤ በዋናው የአገልግሎት ውል ላይም የካሳ አንቀጽ ጨምሯል። እርስዎ የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፦ ልፈርም? ብከሰስ የት ነው? ሴትዮዋስ ከእኔ ምን ልትጠይቅ ትችላለች?

መደበኛ አንቀጾቹን ይፈርሙ። አባሪዎቹ ባዶ ሆነው ግን አይፈርሙ፤ አዲሱን የካሳ አንቀጽ ደግሞ እንዳለ አይቀበሉት። አደጋው ያለው ከወፍራሙ ሰነድ ይልቅ እዚያች አንዲት አንቀጽ ውስጥ ነው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ አጋርዎ ምን እንዳስጨነቀው እንይ። ከግንቦት 25 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ደንብ (ጂዲፒአር የሚሉት) ከአንቀጽ 44 እስከ 50 ድረስ የሰው ዳታ ከኅብረቱ ውጭ የሚወጣበትን መንገድ ይደነግጋል። አንደኛው መንገድ የአውሮፓ ኮሚሽን «በቂ ጥበቃ አለው» ብሎ ለወሰነለት አገር መላክ ነው፤ ኢትዮጵያ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ከአፍሪካም የገባ አገር የለም። ሁለተኛው ላኪና ተቀባይ ኮሚሽኑ ያጸደቀውን መደበኛ ውል መፈረማቸው ነው። ሦስተኛው አንቀጽ 49 የዘረዘራቸው ልዩ ሁኔታዎች ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ «ከባለ ዳታው ጋር የተገባውን ውል ለመፈጸም አስፈላጊ ሲሆን» ይላል። የጉዞ ወኪል ለሆቴል የእንግዳ ስም መላኩ የዚህ የተለመደ ምሳሌ ስለሆነ፣ ብዙ ወኪሎች ዓመታት ሙሉ ያለ ምንም ውል የላኩት ይህን ተማምነው ነው። ችግሩ የአውሮፓ የዳታ ጥበቃ ቦርድ ይህ መንገድ አልፎ አልፎ ለሚደረግ ልውውጥ እንጂ ለቋሚ ግንኙነት አይሆንም ማለቱ ነው። በየወቅቱ ለዚያው ለእርስዎ ድርጅት ዝርዝር የሚልክ ወኪል «አልፎ አልፎ ነው» ብሎ መከራከር አይችልም። ስለዚህ ውል መጠየቁ ትክክል ነው፤ ንቀት አድርገው አይዩበት።

ፍርሃቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 የኔዘርላንድስ ባለሥልጣን የሾፌሮችን ዳታ ወደ አሜሪካ በመላኩ ኡበርን 290 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። ክርክሩ «ዳታው ተሰርቋል» በሚል አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት በላይ ዳታ ሲላክ በቂ የሕግ መሠረት አልነበረም የሚል ነው። መነሻው ከ170 በላይ የፈረንሳይ ሾፌሮች ያቀረቡት አቤቱታ ነበር። ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 የተቀጣው 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ነው፤ እሱ ደግሞ መደበኛውን ውል ፈርሞ ነበር፣ ውሉ ግን የአሜሪካን የስለላ ሕግ ሊገታ አልቻለም ተባለ። የቲክቶክ ጉዳይ ለእርስዎ ሥራ ይበልጥ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 የአየርላንድ ባለሥልጣን 530 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣው ዋናው ነጥብ ቻይና ያሉ ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው የአውሮፓውያንን ዳታ መክፈት መቻላቸው ነበር። ወኪልዎ ነገ «እንግዲያው ፋይሉን ጀርመን ያለ ሰርቨር ላይ አስቀምጬ መክፈቻውን ብቻ እሰጣችኋለሁ፤ ያኔ ውል አያስፈልግም» ቢልዎት መልሱ ይኸው ነው፦ ፒያሳ ካለው ቢሮዎ ሆነው የከፈቱት ፋይል ወደ ኢትዮጵያ እንደተላከ ይቆጠራል።

ወደ ሰነዱ እንግባ። ኮሚሽኑ በጁን 4 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ውል እንደ ላኪውና ተቀባዩ ሚና የሚመረጥ አራት ሞጁል (ዓይነት) አለው፤ እርስዎ ዘንድ የደረሰው የትኛው እንደሆነ የመጀመሪያው ገጾች ላይ ይፈልጉ። ወኪሎች ሳያስቡት ሞጁል 2ን ይልካሉ፤ እሱ ተቀባዩ የላኪው ታዛዥ አቀናባሪ ሲሆን፣ ማለትም ዳታውን በላኪው ትእዛዝ ብቻ ሲሠራበት፣ የሚያገለግል ነው። እርስዎ ግን ሆቴሉን የሚመርጡት፣ ጋይዱን የሚመድቡት፣ መዝገቡን ለራስዎ ሒሳብ የሚይዙት ራስዎ ነዎት። በሕጉ ዓይን ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ (ዳታው ለምንና እንዴት እንደሚያዝ ራሱ የሚወስን) ነዎት፤ ትክክለኛው ሞጁል 1 ነው። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። በሞጁል 2 እያንዳንዷን እርምጃ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ይሠራሉ፣ ቢሮዎ ለፍተሻ ክፍት ይሆናል፣ ዳታው የሚደርሳቸው ንዑስ ተቋራጮችዎ ሁሉ ቀድመው መጽደቅ አለባቸው። ሾፌር በታመመ ቁጥር ጀርመን መደወል ማለት ነው። ሞጁል 1 ነፃ ያደርግዎታል፣ ግን የራስዎን ኃላፊነት ያሸክምዎታል፦ አደጋ ያለው የዳታ መውጣት ሲደርስ ላኪውንም የዚያን አገር ባለሥልጣንም ራስዎ ማሳወቅ፣ እንግዳ «ስለ እኔ ምን ይዛችኋል?» ብሎ ሲጽፍ ቢዘገይ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ። የአንቀጾቹን ቃል መቀየር አይቻልም፤ ሞጁሉ ተሳስቶ ከሆነ ግን ትክክለኛውን ላኩልኝ ማለት መብትዎ ነው።

አባሪዎቹ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ክርክር ሲነሳ መርማሪ መጀመሪያ የሚከፍተው እነሱን ነው፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ «ተገቢው ጥበቃ ይደረጋል» ብሎ ሞልቶ ይፈርማል። እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር አንዳች አይጠብቅም፤ እንዲያውም እንዳላሰቡበት ማስረጃ ይሆንብዎታል።

አባሪ 1 ላይ ምን ዓይነት ዳታ፣ ምን ያህል ጊዜ፣ ለምን ዓላማ፣ እስከ መቼ እንደሚቀመጥ ይጻፋል። የጤና ቅጹ በሕጉ ልዩ ጥበቃ ያለው ዳታ ስለሆነ ለብቻው ይጠቀስ፤ ምክንያቱንም ያስቀምጡ። ምክንያትዎ ጠንካራ ነው፦ የስሜን ካምፖች ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው፣ የልብ ሕመም ወይም አስም ያለበትን ሰው ሳያውቁ ወደ ራስ ደጀን ማውጣት አይቻልም። ይህ ማለት ግን ሙሉ ቅጹ ለሁሉም ይታደል ማለት አይደለም። ዋናው ጋይድ የሚያስፈልገው «ፔኒሲሊን አይስማማውም፤ ኢንሱሊን ይወስዳል» የሚል አንድ መስመር ነው። ሾፌሩ፣ አብሳዩና በቅሎ ነጂው ይህም አያስፈልጋቸውም፤ ለአብሳዩ «ቁጥር 4 ኦቾሎኒ አይበላም» ይበቃዋል።

የሚቀመጥበትን ጊዜ በተመለከተ ሁለቱን አይቀላቅሉ። የግብር ሕጉ የሒሳብ ሰነድ ለዓመታት እንዲያቆዩ ያስገድድዎታል፤ የፓስፖርት ቅጂ አስቀምጡ ግን አይልም። «ቅጂውና የጤና ቅጹ ጉዞው ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ ይሰረዛል፤ ደረሰኝና ስም በግብር ሕጉ መሠረት ይቆያል» ብለው ይጻፉ፤ ከዚያም በእርግጥ ይሰርዙ። የማይፈጽሙትን ቀን ከመጻፍ 90 ቀን ብለው ማክበር ይሻላል።

አባሪ 2 የጥበቃ እርምጃዎች ናቸው፤ የእርስዎም ጉዳይ የተበላሸው እዚሁ ላይ ይመስለኛል። የቴሌግራሙን ነገር ሲገልጹ ግሩፑ ውስጥ እንግዶችም ገብተው እንደነበር ጠቅሰዋል። ለየጉዞው አዲስ ግሩፕ ካልተከፈተና አዲስ አባል የቀድሞውን መልእክት እንዲያይ ቅንብሩ ከተፈቀደ፣ በጥር የገባ እንግዳ ወደ ላይ ሲያንሸራትት የኅዳሩን ቡድን ፓስፖርት በሙሉ ያገኛል። ሰርጎ ገብ አያስፈልግም። ዋትስአፕም ቢሆን ፎቶን በቀጥታ ወደ ስልኩ ጋለሪ ያወርዳል፤ ጋለሪው ከጉግል ፎቶዎች ጋር ከተያያዘ የሾፌርዎ ልጅ የልደት ፎቶ አጠገብ የሰው ፓስፖርት ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ አባሪው ላይ የሚከተለውን ያህል ዝርዝር ይኑር፦ የፓስፖርት ቅጂ በመልእክት መተግበሪያ አይላክም፤ ሁለት የቢሮ ሠራተኞች ብቻ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ በሚከፍቱት ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ለደባርቁ የፓርክ ምዝገባ የሚሰጠው የስምና የቁጥር ዝርዝር በወረቀት ነው፤ ለየቡድኑ አዲስ ግሩፕ ይከፈታል፤ የቢሮ ላፕቶፕ ዲስኩ የተቆለፈ ነው፤ ጉዞ ሲያልቅ ከጋይዱ ስልክ መጥፋቱ ይረጋገጣል። ለአንድ አነስተኛ ድርጅት ይህ በቂ ነው፤ የሌለዎትን የደኅንነት ሶፍትዌር ከኢንተርኔት ቀድተው አይጻፉ።

የጉዞ ፕሮግራሙም ዳታ ነው። ስም፣ ዜግነት፣ የትኛው ሌሊት የትኛው ካምፕ፤ ይህ አሁን ባለው የክልሉ ሁኔታ ከፓስፖርቱ ቁጥር በላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። አውሮፓ ያለው የሕግ ባለሙያ ይህን ላያስበው ይችላል፤ እርስዎ ግን ያውቁታል፤ አባሪው ላይ ያስገቡት።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የመደበኛው ውል አንቀጽ 8.7 ነው። ዳታውን ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍን ይገድባል፤ ሦስተኛው ወገን እዚያው ጎንደር ያለ ሆቴል ቢሆንም። «ከአገር አልወጣም» የሚለው መከራከሪያ አይሠራም። መውጫው ቀላል ነው፦ በቋሚነት ከሚሠሩባቸው ሆቴልና የመኪና አከራይ ጋር ተመሳሳይ ጥበቃ የሚያስገድድ አጭር ውል ይፈራረሙ፤ ለቀረው ሰው ስም ብቻ ይስጡ ወይም ምንም አይስጡ። እንግዳ ተራራ ላይ ወድቆ ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ ግን ውል አይጠበቅም፤ ሕይወትን ለማዳን የሚደረግ ማስተላለፍ በዚያው አንቀጽ ተፈቅዷል። ይህን ጋይዶችዎ ይወቁት፤ «ዳታ ክልክል ነው» ብለው ለሐኪም የሕመምተኛውን መድኃኒት የማይናገሩ እንዳይኖሩ።

አንቀጽ 14 እና 15 የአገራችንን ሕግ ይመለከታሉ። ወኪሉ መጠይቅ ይልክልዎታል፦ መንግሥት ዳታውን ሊጠይቅ ይችላል? በምን ሥርዓት? እዚህ ላይ ማሳመርም ማጥቆርም ይጎዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን እንደሚጠብቅ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዳለና አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንደሆነ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መርማሪዎች ዳታ የሚያገኙበትን ሥርዓት እንደሚደነግግ ይጻፉ። ከዚያ በእርግጥ የሚያጋጥምዎትን ይግለጹ፦ ማን፣ በምን መልክ፣ ምን ይጠይቅዎታል፤ የጽሑፍ ጥያቄ ሲመጣ ማን ይፈርማል፤ በቃል ሲሆን ምን ይመዘገባል። ከፈረሙ በኋላ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሕግ እስካልከለከለ ድረስ ላኪውን የማሳወቅ ግዴታ አለብዎት።

የኢንተርኔት መቋረጥንም እዚያው ያንሱ። ከኦገስት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ እንደነበር ያውቃሉ። ውሉ «ሳይዘገይ አሳውቅ» ይላል፤ መስመር በሌለበት እንዴት? በመደበኛ ስልክ የሚደወልለት የጀርመን ቁጥርና አዲስ አበባ ያለ አንድ ተወካይ በአባሪው ይሰየሙ። ይህ አስቀድሞ ካልተጻፈ በኋላ የሚቀርብ «ኔትወርክ አልነበረም» ሰበብ ይመስላል።

አሁን ወደ ክሱ። በአንቀጽ 17 እና 18 መሠረት የሚገዛው የአንድ አባል አገር ሕግ ነው፣ ክርክሩም እዚያው ፍርድ ቤት ነው፤ በእርስዎ ሁኔታ ጀርመን። እንግዳዋም የውሉ ወገን ባትሆንም ከአንቀጾቹ አብዛኞቹን በራሷ ስም ማስፈጸም፣ በምትኖርበት አገርም መክሰስ ትችላለች። ይህን መደራደር አይቻልም፤ አብሮ የመጣ ነው።

የጀርመን ፍርድ ግን ጎንደር ላይ በራሱ አይፈጸምም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከቁጥር 456 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ ቁጥር 458 ከሚዘረዝራቸው መለኪያዎች ውስጥ ያቺ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የምታስፈጽም መሆኗ፣ ተከሳሹ ቀርቦ የመከላከል ዕድል ማግኘቱ፣ ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑና ከሕዝብ ሞራልና ጸጥታ አለመቃረኑ ይገኙበታል። ይህ እውነተኛ ግድግዳ ነው። ነገር ግን መጥሪያ ደርሶዎት «ምን ያመጣሉ» ብለው ከተቀመጡ፣ የመከላከል ዕድል አላገኘሁም የሚለውን መከራከሪያ በገዛ እጅዎ ጣሉት።

የካሳው አንቀጽ አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የላኩልኝ ቃል «ከዳታ ጥበቃ ጋር በተያያዘ ወኪሉ የሚደርስበትን ማንኛውንም ቅጣት፣ ወጪና ካሳ አስጎብኚው ይተካል» ይልና ክርክሩ በግልግል ዳኝነት እንዲታይ ያደርጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የኒው ዮርኩን የግልግል ውሳኔዎች ስምምነት ተቀላቅላለች። ስለዚህ ውጭ አገር የተሰጠ የንግድ ግልግል ውሳኔ ከፍርድ ቤት ፍርድ ይልቅ በቀላሉ እዚህ ይፈጸማል። ወፍራሙን ሰነድ ፈርተው ይቺን ሦስት መስመር ዝም ብለው ቢፈርሙ፣ ትልቁን በር የከፈቱት በዚያ ነው።

ምን ይጠይቁ? አንደኛ፣ መደበኛው ውል በአንቀጽ 12 ያስቀመጠውን መለኪያ ይያዙ፦ እያንዳንዱ ወገን ባደረሰው ጉዳት ልክ። «ማንኛውንም» የሚለው ይውጣ፣ «በአስጎብኚው ጥፋት ልክ» ይግባ። ሁለተኛ፣ ያለ ሕጋዊ መሠረት ዳታ በመላክ የሚመጣ ቅጣት የላኪው መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ በሁለታችሁ መካከል ለሚደረግ መተካካት ጣሪያ ይኑረው፤ ለምሳሌ ከወኪሉ በአንድ ወቅት የተከፈለዎት ገንዘብ። ጣሪያው የእንግዳዋን መብት ሊነካ አይችልም፤ ሁለቱ ሰነዶች ከተጋጩም በአንቀጽ 5 መሠረት መደበኛው ውል ይበልጣል። አራተኛ፣ ወኪሉ ከቀሪ ክፍያዎ ላይ በራሱ ግምት እንዳይቀንስ ይከልክሉ። በተግባር ገንዘብ የሚጠፋው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ነው፤ ማንም ፍርድ ቤት አይሄድም፣ የመጨረሻው ሐዋላ ብቻ ጎድሎ ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ በፍጹም እንዳይቀበሉ፦ ውሉ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የጸና ነው የሚል ቀን። አቤቱታው የቀረበው ውል ባልነበረበት ጊዜ በተላከ ዳታ ላይ ነው። ያኔ ያለ መሠረት የላከው ወኪሉ ነው፤ ግሩፕ ውስጥ የለቀቀው የእርስዎ ቢሮ ነው። ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው። ወደ ኋላ ቀን ከጻፉ የእሱንም ወስደው የራስዎ ላይ ደረቡት።

ሴትዮዋን በሚመለከት፣ በአውሮፓው ደንብ አንቀጽ 82 ካሳ መጠየቅ ትችላለች። መጠኑን ለመገመት አንድ ፍርድ ይርዳዎት፦ በጃንዋሪ 8 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት ጠቅላላ ፍርድ ቤት የአንድ ጀርመናዊ የአይፒ አድራሻ (መሣሪያው ኢንተርኔት ላይ የሚለይበት ቁጥር) ያለ ጥበቃ ወደ አሜሪካ በመላኩ ኮሚሽኑን ራሱን 400 ዩሮ እንዲከፍል ፈርዶበታል። ያ የአይፒ አድራሻ ነበር፤ ፓስፖርት ከዚያ ይከብዳል። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2023 እ.ኤ.አ. የሞራል ጉዳት ዝቅተኛ ወለል የለውም ብሏል፣ ጥሰት መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም፣ ጉዳት መድረሱን ማስረዳት አለባት። አምና ውል ስላልነበረ በመደበኛ አንቀጾቹ እርስዎን በቀጥታ ልትይዝ አትችልም፤ በአዋጅ 1321/2016 ግን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማመልከት ትችላለች። በጀርመንኛ ድረ ገጽ፣ በዩሮ ዋጋ፣ እዚያ ላሉ ሰዎች በቀጥታ የሚሸጡም ከሆነ ደግሞ የአውሮፓው ደንብ ራሱ በአንቀጽ 3(2) ይደርስብዎታል፤ መደበኛው ውል ለእንዲህ ያለ ተቀባይ ስላልተዘጋጀ ለጠበቃዎ ይህን አስቀድመው ይንገሩ።

ዛሬውኑ መደረግ ያለበት ግሩፑ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። መጀመሪያ ምስሉ መቼ እንደተለጠፈ፣ ማን እንደለጠፈውና በዚያ ጊዜ አባል የነበሩትን የሚያሳይ ስክሪንሾት ያንሱ፤ የፓስፖርቱን ምስል ሸፍነው። ቀጥሎ መልእክቱን ለሁሉም ይሰርዙ፤ የሌሎቹንም እንግዶች እንዲሁ። አስቀድመው ከሰረዙ ማስረጃ አጠፋ ይባላሉ፤ ሳይሰርዙ ከቆዩ ጥሰቱ ይቀጥላል። ከዚያ አባላቱ ያወረዱትን እንዲያጠፉ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ መልሳቸውን ያስቀምጡ፣ ለወኪሉም እውነታውን ብቻ በአንድ ገጽ ይላኩ፦ ምን፣ መቼ፣ ለስንት ሰው፣ ምን ተደረገ። «ጥፋቱ የእኛ ነው» ወይም «አይደለም» የሚል ቃል አይኑርበት፤ እሱ በጠበቃ በኩል ይምጣ።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደውንም አይርሱ። ወኪሉ የጋይዶችዎን ስም፣ መታወቂያ፣ ስልክና ፎቶ ለካታሎጉ ሲጠይቅዎት ላኪው እርስዎ ነዎት፤ አዋጁም ከአገር ለሚወጣ ዳታ የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። ፎቶና ስም ካታሎግ ላይ መውጣት ለሥራው የግድ ስላልሆነ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ የት፣ ለማንና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚወጣ የሚገልጽ የተፈረመ ፈቃድ ይያዙ፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥራቸውን ደግሞ ክፍያው በእርስዎ በኩል የሚያልፍ እስከሆነ ድረስ ጭራሽ አይላኩ።